ወንበሩ የማይሄድበት ዳገት፦ ስለ አጋዥ መሣሪያዎች ጥናት የቀረበ ሒስ

ስለ አጋዥ መሣሪያዎች በሚጻፉ ጥናቶች ውስጥ ከ30 ዓመታት በኋላም ዘወትር የሚጠቀስ አንድ ጽሑፍ አለ። ፊሊፕስና ዣኦ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1993 ያሳተሙት ነው። 227 አካል ጉዳተኛ ጎልማሶችን ስለ መሣሪያዎቻቸው ጠይቀው፣ ከመሣሪያዎቹ 29.3 በመቶው ፈጽሞ የተተዉ መሆናቸውን አገኙ። ለዚህም አራት ምክንያቶችን ለይተዋል፦ በምርጫው ወቅት የተጠቃሚው ሐሳብ አለመጠየቁ፣ መሣሪያው በቀላሉ መገኘቱ፣ የአሠራሩ ደካማነት እና የተጠቃሚው ፍላጎት መለወጡ። ከሌሎቹ ይልቅ በብዛት የተተዉት ለመንቀሳቀሻ የሚያገለግሉት ነበሩ።

ጽሑፉ ባለውለታችን ነው። «በሽተኛው ምክር አልተቀበለም» ብለን መዝገብ መዝጋት ለለመድን ባለሙያዎች፣ ጥፋቱ ከእኛ ምርጫ ሊጀምር እንደሚችል አስተምሮናል። ሆኖም «መተው» የሚለው ቃል ራሱ መመርመር ይገባዋል። አንድን ነገር ተወ የሚባለው ሰው አስቀድሞ የያዘው፣ ኋላም በፈቃዱ የለቀቀው ነው። በፈረንሳይ ለጋሲዮን የማየው ግን ከዚህ የተለየ ነው።

አካባቢውን የሚያውቅ አንባቢ እንደሚያስታውሰው፣ ከኤምባሲው አጥር ወዲያ መንደሩ ወደ እንጦጦ እየወጣ ይሄዳል። ኮብልስቶን የተነጠፈበት መንገድ አለ፤ ያልተነጠፈበትና በክረምት ጎርፍ የሚቦረቡረው መተላለፊያም አለ። የባሕር ዛፍ ቅጠልና ጭራሮ ተሸክመው ቁልቁል የሚወርዱ ሴቶች እንኳ እግራቸውን እየመረጡ ነው የሚያስቀምጡት። በዚህ ዳገት ስትሮክ ያገኛቸውን አንዲት እናት ለመጠየቅ ከአንዲት የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ጋር ሄጄ ነበር። ስሙን ከማልጠቅሰው ተቋም የተሰጣቸው ተሽከርካሪ ወንበር ከአልጋው አጠገብ ቆሟል፤ በላዩ ጋቢና ብርድ ልብስ ተጣጥፈው ተቀምጠዋል። «እማማ፣ ለምን አይጠቀሙበትም?» አልኳቸው። «ልጄ፣ ወንበሩስ ደኅና ነበር፤ ከበሩ ወዲያ ግን የሚሄድበት የለውም» አሉኝ። ለቀጠሮ ሲሄዱ የጎረቤት ጎረምሶች ተሸክመው እስከ ታክሲው ያወርዷቸዋል።

እኚህ እናት ወንበሩን ትተዋልን? በፊሊፕስና ዣኦ መጠይቅ ቢጠየቁ ከ29.3 በመቶው መካከል ይቆጠሩ ነበር። በተቋሙ መዝገብ ደግሞ «ተሰጥቷል» ተብለው ከተረጂዎች ጋር ተቆጥረዋል። ሁለቱም ቁጥሮች ዳገቱን አያዩትም፤ ተሸካሚዎቹን ጎረምሶችም አያዩም። የጥናቱ ተጠያቂ ተጠቃሚው ብቻ ነው። በእኛ አገር ግን የአንድ መሣሪያ ተጠቃሚ አንድ ሰው የሚሆንበት ጊዜ ጥቂት ነው።

የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጡት ሪፖርት ከ2.5 ቢሊዮን በላይ ሰዎች ቢያንስ አንድ አጋዥ መሣሪያ ያስፈልጋቸዋል፤ በአንዳንድ ድሆች አገሮች ከሚያስፈልጋቸው መካከል የሚያገኙት 3 በመቶ ብቻ እስከ መሆን ይደርሳሉ። አሳሳቢ አኃዝ ነው። ነገር ግን እኚያ እናት «ካገኙት» ወገን መሆናቸውን ልብ ይሏል። ድርጅቱ እ.ኤ.አ. በ2008 ስለ ተሽከርካሪ ወንበር ያወጣው መመሪያ አገልግሎቱን በስምንት ደረጃዎች ከፍሎ የመጨረሻውን ለክትትልና ጥገና ሰጥቷል። በእኔ ልምድ ግን እኛ የምንቆመው ርክክቡ ላይ ነው፤ ስምንተኛው ደረጃ ዳገት የሚወጣ ሰው ይፈልጋልና። በቅጻችን ላይ «ከበሩ እስከ መኪና መንገዱ ምን አለ?» የሚል አንድ መስመር ቢኖር የወንበሩ ዓይነት ከመታዘዙ በፊት ብዙ በታወቀ ነበር።

የሰውና የኮምፒዩተር መስተጋብር ተመራማሪዎች በዚህ ረገድ አንድ እርምጃ ወደፊት ሄደዋል። ሺኖሃራና ዎብሮክ እ.ኤ.አ. በ2011 ባቀረቡት ጥናት 20 አካል ጉዳተኞችን አነጋግረው፣ ሰዎች ስለ መሣሪያዎች ያላቸውን ሁለት የተሳሳቱ ግምቶች አሳዩ፦ መሣሪያው ጉዳቱን ጨርሶ ያጠፋዋል የሚለውንና ያለ መሣሪያው ሰውየው ምንም ማድረግ አይችልም የሚለውን። የተመልካች ዓይን በጥናት ውስጥ መግባቱ ትልቅ ነገር ነው። ነገር ግን እዚያ ጎረቤት በአብዛኛው ተመልካች ነው፤ እዚህ ግን ራሱ የመሣሪያው አካል ነው።

ቋንቋም እንደ ዳገቱ የሚዘነጋ ነገር ነው። ማየት ለተሳነው ሰው ስልኩ ጽሑፍ ሲያነብለት አጋዥ መሣሪያ ይሆናል። ፊደላችን ግን የሚጠብቀውንና የሚላላውን ድምፅ ለይቶ አይጽፍም። በሕክምና ማጠቃለያ ላይ «ሳል አለ» ተብሎ ቢጻፍ፣ «ለ» ከጠበቀ ሳሉ መኖሩን ሐኪሙ አረጋግጧል ማለት ነው፤ ከላላ ግን በሽተኛው «ሳል» ብሎ ተናገረ ማለት ይሆናል። በምልክትና በሕመምተኛው ቃል መካከል ያለውን ልዩነት ለተማሪዎቻችን ስንት ሰዓት እናስተምራለን! በዓይኑ የሚያነብ ባለሙያ ከዐውዱ ይረዳዋል፤ መሣሪያው ግን አንዱን መርጦ ማሰማት አለበት፤ አድማጩም የተመረጠለትን ይዞ ይሄዳል።