ክራርን በጊታር መንገድ ማስተማር ይቻላልን?

ጊታርን በመደበኛ የሙዚቃ ትምህርት ቤት መማር የጀመረ ሰው የመጀመሪያውን ቀን አይረሳም። ግራ እግሩን ከአነስተኛ መርገጫ ላይ ያሳርፋል፤ የመሣሪያውን ወገብ በግራ ጭኑ ላይ ያኖራል፤ አንገቱን ወደ ትከሻው ከፍ አድርጎ ይይዛል። ከዚያ በፊት ግን አስተማሪው ጊታሩን ተቀብሎ፣ ጆሮውን ጠጋ አድርጎ፣ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ቃኝቶ ይመልስለታል። ስድስቱ አውታሮች ሚ፣ ላ፣ ሬ፣ ሶል፣ ሲ፣ ሚ ተብለው ከተስተካከሉ በኋላ ትምህርቱ ይጀምራል። መቃኘት ለትምህርቱ መሰናዶ እንጂ የትምህርቱ አካል ተደርጎ አይታይም። ተማሪውም ውሎ አድሮ ዘዴውን ያውቀዋል፤ አውታሩን በአምስተኛው ፍሬት ላይ ተጭኖ ቀጣዩን ከዚያ ጋር ማመሳሰል ነው፤ በሦስተኛው አውታር ላይ ብቻ አራተኛውን ፍሬት ይጫናል። ይህ ጽሑፍ የሚነሣው ከእነዚህ ጥቂት ደቂቃዎች ነው።

ጉዳዩ መምህራንንና የትምህርት ዕቅድ አውጪዎችን የሚመለከትበት ምክንያት አለ። በአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ሙዚቃ ከሥዕልና ከቴአትር ጋር ተጣምሮ በክወናና በእይታ ጥበባት ስም ይሰጣል። ይህን ትምህርት የሚያስተምሩ መምህራን ከሚሠለጥኑባቸው ኮሌጆች በአንዱ ለክራር መለማመጃ የሚያገለግለውን ሞጁል ከዓመታት በፊት ያዘጋጀው ይህ ጸሐፊ ነው። ጸሐፊው በወጣትነቱ በአዲስ አበባ ለሁለት ዓመት ያህል በማታ ጊታር ተምሯል። ሞጁሉን ሲጽፍ በእጁ የነበረው አርአያ ይኸው ስለ ነበር ቅደም ተከተሉን ሳይመረምር ወሰደ፤ ይኸውም አቀማመጥ፣ የአውታሮች ቁጥር፣ የቀኝ እጅ ጣቶች አመታት፣ የድምፆች መሰላል፣ በመጨረሻም አጭር ዜማ የሚል ነው። ክራር እንዴት እንደሚቃኝ የሚገልጸው ጽሑፍ በአባሪ ላይ ተቀመጠ። አባሪን የሚያነብ ሠልጣኝ ብዙ አይደለም።

የጊታርን ትምህርት ሥርዓት ማቃለል የዚህ ጽሑፍ ዓላማ እንዳልሆነ አስቀድሞ መግለጽ ያሻል። ጊታር በኮንሰርቫቶሪ ወንበር ያገኘው በቀላሉ አይደለም። ለረጅም ጊዜ የመጠጥ ቤትና የሠፈር መሣሪያ ሆኖ ተቆጥሮ ነበር። የፓሪስ ኮንሰርቫቶሪ እ.ኤ.አ. በ1795 ቢመሠረትም የጊታር ትምህርት በአሌክሳንደር ላጎያ አስተማሪነት የጀመረው በ1969 ነው፤ በመካከሉ 174 ዓመታት አልፈዋል። ኋላ ዝናው የገነነው እንግሊዛዊ ጁሊያን ብሪም በለንደን የሮያል ሙዚቃ ኮሌጅ በተማረበት ጊዜ ኮሌጁ ጊታር የማያስተምር በመሆኑ ፒያኖና ቼሎ ለማጥናት ተገዷል። ይህን ግድግዳ ያፈረሰው የአንድሬስ ሴጎቪያን የመሰለ የመድረክ ችሎታ ብቻ አልነበረም። ከእርሱ በፊት የነበሩት ሊቃውንት ደረጃ በደረጃ የሚያድግ የመልመጃ ሀብት ትተው ነበር። ጣሊያናዊው ማውሮ ጁሊያኒ ለቀኝ እጅ ብቻ 120 ልምምዶች ጽፏል፤ የማቴዎ ካርካሲ 25 ጥናቶች እስከ ዛሬ ድረስ የጀማሪ መንገድ ናቸው፤ ሴጎቪያም ከፈርናንዶ ሶር ሥራዎች 20 ጥናቶችን መርጦ እ.ኤ.አ. በ1945 አሳትሟል። በአንድ ቃል፣ ጊታር ወደ ኮንሰርቫቶሪ የገባው መጽሐፉን ይዞ ነው።

በአገራችንም ክራር የነበረው ስም ከዚህ ብዙ አይለይም። በገና የጸሎትና የተመስጦ መሣሪያ ሆኖ ሲከበር ክራር ግን የዓለማዊ ዘፈንና የጠጅ ቤት ጓደኛ ተብሎ ይነቀፍ ነበር። እነ ካሳ ተሰማ፣ እነ ሜሪ አርምዴና አስናቀች ወርቁ በየመድረኩ ክብሩን ከፍ አደረጉለት። በአሸናፊ ከበደ ዳይሬክተርነት የተጀመረው፣ በቡልጋሪያ መንግሥት እርዳታ የተጠናከረውና ኋላም በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር የተጠቃለለው የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ክራርን፣ መሰንቆንና ዋሽንትን ከፒያኖና ከቫዮሊን ጎን ማስተማሩ ትልቅ እርምጃ ነው። ጊታር በፓሪስ ወንበር ካገኘበት ዘመን እምብዛም ባልራቀ ጊዜ የሆነ ነገር በመሆኑ በዚህ ረገድ ወደ ኋላ ቀርተናል ማለት አይቻልም። ሆኖም ክራር ወደ መደበኛ ትምህርት ሲገባ የተከተለው የማስተማሪያ ቅደም ተከተል ለሌላ መሣሪያ የተሠራ መሆኑን ማስተዋል ይገባል። እኛም በየማሠልጠኛው ይህንኑ ቅደም ተከተል ቀድተን ወደ ወረዳ አወረድነው።

ልዩነቱ ከመሣሪያዎቹ አሠራር ይጀምራል። በጊታር አንገት ላይ በአግድም የተተከሉ 19 ፍሬቶች አሉ። የድምፆች ርቀት በፋብሪካ ወይም በአናጢ እጅ አስቀድሞ ተወስኗል፤ ተማሪው ከአንዱ ቁልፍ ወደ ሌላው ሲሻገር የሚዘዋወረው ግራ እጁ ነው፤ መሣሪያው ግን እንዳለ ይቆያል። ክራር ይህ ሁሉ የለውም። አምስት ወይም ስድስት አውታሮች ከገበቴው ተነሥተው በቀንበሩ ላይ ይጠመጠማሉ፤ እያንዳንዱም በተቃኘበት አንድ ድምፅ ብቻ ይናገራል። ስድስተኛው ቢኖር የአንዱ ድምፅ እጥፍ ነው። በመሆኑም ክራር መቺ ቅኝት መለወጥ ሲፈልግ መሣሪያውን ራሱን መለወጥ አለበት። ትዝታን ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ብለን ብንይዝ፣ ወደ ባቲ ለመሻገር ዶና ሶል ባሉበት ይጸናሉ፤ ሬ ወደ ሚ፣ ሚ ወደ ፋ፣ ላ ወደ ሲ ከፍ ይላሉ። ከአምባሰል ወደ አንቺ ሆዬ ሲኬድ ደግሞ የሚነኩት ሁለት አውታሮች ብቻ ናቸው፤ ሶል በግማሽ ድምፅ ዝቅ ትላለች፣ በግማሽ ድምፅ ዝቅ ብላ የነበረችው ላ ወደ ቦታዋ ትመለሳለች። ይህን በጥቁር ሰሌዳ ላይ ጽፎ የሚያስረዳ መምህር ንድፈ ሐሳብ አስተማረ ይባላል። ያንኑ ቀንበሩን እያዞረ፣ ጆሮውን እየሰጠ፣ አውታሩን እያጠበቀና እያላላ የሚያደርግ ልጅ ግን ንድፈ ሐሳቡን በእጁ እየሠራው ነው። ቋንቋችንም ይህን ያውቃል፤ ቅኝት የሚለው ስም የወጣው መቃኘት ከሚለው ግስ ነው።

ከዚህም ሌላ፣ ዶ ሬ ሚ ብለን የጻፍነው ለመግባባት እንዲመች እንጂ የወሎ አዛውንት በአንቺ ሆዬ የሚያወጡት ድምፅ ሁልጊዜ በጊታር ፍሬት ላይ ልክ ያርፋል ለማለት አይደለም። በፍሬት የታረመ ጆሮ ያንን ልዩነት እንደ ስሕተት ይቆጥረዋል። የዚህ ጸሐፊ ጆሮም ለብዙ ዓመታት እንደዚያ ይቆጥር ነበር።

በኅዳር 2011 ዓ.ም. ሠልጣኞችን በማስተማር ልምምድ ላይ ለመገምገም ከደሴ በጉጉፍቱና በአቀስታ በኩል አድርጌ ወደ መካነ ሰላም ተጓዝኩ። በቦረና ወረዳ በአንድ ትምህርት ቤት አምስተኛ ክፍል ውስጥ አንድ ሠልጣኝ ክራር ያስተምር ነበር። ክራሩን በዋዜማው ማታ በእጅ ስልኩ መቃኛ ፕሮግራም እየተመራ በትዝታ ቃኝቶት ነበር። የደጋው ሌሊት ብርድ ግን ለማንም አያዝንም፤ በማግሥቱ ጠዋት አውታሮቹ ረግበው ተገኙ። ሠልጣኙ የክራሩን ክፍሎች በሰሌዳ ላይ ሥሎ፣ አቀማመጡን አሳይቶ፣ አውታሮቹን በቁጥር ጠርቶ ወደ ድምፆቹ መሰላል ሲደርስ የወጣው ድምፅ ትዝታ አልነበረም። ስልኩን አወጣ፤ ባትሪው አልቆ ነበር። ላብ አሰመጠው።

በዚህ ጊዜ ከሦስተኛው ወንበር አንድ ልጅ እጁን አውጥቶ፣ «ጋሼ፣ ይስጡኝ፤ እኔ ልቃኘው» አለ። ሠልጣኙ አመነታና ሰጠው። ልጁ ክራሩን ጭኑ ላይ አኑሮ እያንጎራጎረ አውታሮቹን አንድ በአንድ ያዘ፤ አንዱን ሲያጠብቅ ሌላውን እየነካ ያመሳክር ነበር። ሁለት ደቂቃ ያህል ፈጅቶበት ይሆናል። ሲጨርስ የቃኘው በአምባሰል ነበር። ክፍሉ ሳቀ፤ ከኋላ የተቀመጡት ማጨብጨብ ጀመሩ። ኋላ በዕረፍት ሰዓት ስጠይቀው የገዛ ክራሩ ገበቴ ከዘይት ቆርቆሮ የተሠራ መሆኑን፣ የሚመታውም ከብት ሲጠብቅ መሆኑን ነገረኝ።

ሠልጣኙ ግን፣ «የዛሬው ትምህርት ትዝታ ነው፤ ወደ ቦታህ ተመለስ» ብሎ ክራሩን ተቀበለው፤ የቀረውንም ክፍለ ጊዜ አውታሮቹን በቁጥር በማስጠራት ጨረሰ። እኔም በመገምገሚያ ቅጹ ላይ «የትምህርት ዕቅዱን ተከትሏል» በሚለው ረድፍ ሙሉ ነጥብ ሰጠሁት። ልጁ ያደረገውን የምጽፍበት ረድፍ አልነበረም። ቅጹን ያዘጋጀሁት እኔ ነበርኩ።

በወሎ ደጋ ያደገ ልጅ ክራር በእጁ ከመያዙ በፊት ቅኝቱን በሠርግ ዘፈን፣ በመንዙማና በእረኛ ዋሽንት ሰምቶ ያድጋል። ከአራቱ ቅኝቶች ሁለቱ፣ ባቲና አምባሰል፣ ስማቸው የዚሁ የወሎ ምድር ስም ነው። እንዲህ ላለው ልጅ አስቀድሞ የተቃኘ ክራር መስጠት የሚያውቀውን ነጥቆ የማያውቀውን ቁጥር ማሸከም ይሆናል። የስልኩ ፕሮግራም ደግሞ ነገሩን ያባብሰዋል። በስልክ የሚቃኝ መምህር የሚያየው መርፌውን ነው፤ ጆሮው ሥራ ፈትቶ ይቀመጣል። ፕሮግራሙ ቢጠቅምም እንኳ የሚጠቅመው በጆሮ ከተቃኘ በኋላ ለማመሳከር ነው።

ይህ ማለት ግን ልጁ ከትምህርት ቤት የሚቀበለው ነገር የለም ማለት አይደለም። አንዳንድ የባህል ወዳጆች የገጠሩን ልጅ ችሎታ አይተው «ተዉት፣ እንዳለ ይሻላል» ሲሉ ይሰማል፤ ይህ ምስጋና የሚመስል ቸልተኝነት ነው። ልጁ እንዲመታልን በጠየቅነው ጊዜ የመታው ፈጥኖ ነበር፤ ቀስ ብሎ እንዲደግመው ስንጠይቀው ግን ተሰናከለ። የማይፈለጉትን አውታሮች በግራ እጁ ጣቶች አፍኖ በመምቻ መምታቱን በሚገባ ያውቃል፤ አውታሮቹን በየጣቱ እየለየ መደርደሩን ግን አልተለማመደም። ጁሊያኒ ለቀኝ እጅ የደከመበት ጥበብ የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው። አውራ ጣት፣ ጠቋሚ፣ መሐልና ቀለበት ጣት በየተራ ሲሠለጥኑ እያንዳንዱ አውታር የጠራ ድምፅ ይሰጣል። ከጊታር ልንዋስ የሚገባን ይህንን፣ እንዲሁም ከቀላል ወደ ከባድ የሚያድግ የተጻፈ ልምምድን ነው። እኔ በጎበኘኋቸው ትምህርት ቤቶች መምህሩ በእጁ ይዞ የሚያስተምርበት እንዲህ ያለ የክራር መልመጃ አላየሁም። በየማሠልጠኛው ያሉ የሙዚቃ መምህራን በአራቱም ቅኝት ለእያንዳንዱ አሥር አሥር አጫጭር ልምምድ እንኳ ቢጽፉ ሥራው ተጀመረ ማለት ነው።

ብዙ ጊዜ የሚቀርበው ተቃውሞ የተማሪው ብዛትና የመሣሪያው እጥረት ነው። አንድ ክራር ለሙሉ ክፍል እንዴት ይበቃል? ለጣት ልምምድ አይበቃም፤ ይህ እውነት ነው። ለመቃኘት ግን ይበቃል። መምህሩ አውታሩን አርግቦ ክራሩን ከፊት ይይዛል፤ ክፍሉ የመጀመሪያውን ድምፅ በአፉ ያወጣል፤ መምህሩ ቀንበሩን ሲያዞር ተማሪዎቹ «ጠበቅ»፣ «ላላ» ይላሉ። ባለፉት ሁለት ዓመታት ሠልጣኞቼ በዚህ ዓይነት ሞክረውታል። ጫጫታው ብዙ ነው፤ የጎረቤት ክፍል መምህራን አቤቱታም አልቀረም። ነገር ግን በሦስተኛው ሳምንት አውታሩ ትክክለኛ ቦታው ላይ ሲደርስ ጩኸቱ በአንድ ጊዜ ጸጥ ይላል፤ መምህሩ ያን ጊዜ ክፍሉ እየሰማ መሆኑን ያውቃል።

ሞጁሉ እንደገና ሲዘጋጅ መቃኘት ከአባሪ ወጥቶ የመጀመሪያው ምዕራፍ ሆኗል። በመገምገሚያው ቅጽ ላይም አንድ ረድፍ ጨምሬ ለባልደረቦቼ አቀረብኩ፦ «ሠልጣኙ አውታሮቹ የረገቡ ክራር ተቀብሎ፣ ያለ ስልክ እርዳታ፣ ድምፁን በአፉ እያወጣ በትዝታ ይቃኛል፤ ቀጥሎም ወደ ባቲ ያሻግራል።» ባልደረቦቼ ሐሳቡን ባይነቅፉም ጊዜውን ጠየቁ። አብረን ብናሰላው ለአንድ ሠልጣኝ 8 ደቂቃ፣ ለ35 ሠልጣኞች 280 ደቂቃ፣ ማለትም 40 ደቂቃ የሚወስዱ ሰባት ክፍለ ጊዜዎች ያስፈልጋሉ። ሰባቱም የክራር ክፍሎችን ስያሜ ለማስጠናትና ለአቀማመጥ ከተመደበው ሰዓት ላይ እንዲቀነሱ ተስማምተናል።