እርሳስ ይዞ መራመድ

«ጋሼ፣ እስከ መቼ እርሳስ ብቻ? ቀለሙን እዚያው ቦታው ላይ ብንቀባው ምን አለበት?»

አንዲት ጀማሪ ሠዓሊ ባለፈው ክረምት የዚህን ጽሑፍ አቅራቢ እንዲህ ስትል ጠየቀችው። ጥያቄዋ 200 ዓመት አልፎታል። እ.ኤ.አ. በ1819 ሮም ላይ አንድ ወጣት ሠዓሊ አብረው ወጥተው ቀለም እንዲቀቡ እንግሊዛዊውን ሠዓሊ ተርነርን ለምኖት ነበር። የ44 ዓመቱ ተርነር እምቢ አለ፤ ደጅ ላይ ቀለም ጊዜ ይፈጃል፣ አንዱን በቀለም እስኪጨርስ 15 ወይም 16 የእርሳስ ንድፍ ያወጣል።

መልሱ የጥድፊያ ይመስላል። አይደለም። በጥንታዊው የሮም አደባባይ በፎረም ውስጥ ከቲቶ ቅስት ሥር የታየ ዓምድ ሃያ እርምጃ ሲጠጉት ሌላ ዓምድ ነው፤ ጥላው ይዞራል፣ ከኋላው የተሸሸገ ግድግዳ ብቅ ይላል። እርሳስ የያዘ አብሮት ይዞራል። ቀለም የዘረጋ ግን ከመቀመጫው ጋር ታስሮ ይውላል። የተርነር ደብተሮችም ሥራ አልፈቱም፤ ከሰባት ዓመት በኋላ የሮምን ፎረም በትልቅ ሸራ ላይ በዘይት ቀለም ሣለው።

ተማሪዋ ኮሮን ጠቅሳ ተከራከረች። እውነትም ፈረንሳዊው ኮሮ እ.ኤ.አ. በማርች 1826 ከፓላቲን ኮረብታ፣ ከፋርኔዜ አትክልት ሥፍራ ሆኖ ሦስት ትንንሽ የዘይት ሥዕሎች ሠርቷል፦ አንዱን ጠዋት፣ አንዱን ቀትር ላይ፣ አንዱን አመሻሽ። ኮሎሲየሙና ፎረሙ ያሉባቸውን ሁለቱን ለሉቭር ሙዚየም ተናዞላቸዋል። ውበታቸውን የሚክድ የለም። ነገር ግን ኮሮ ከ1825 እስከ 1828 ጣሊያን ተቀምጧል፤ ያመለጠው ብርሃን በማግስቱ እስኪመለስ መጠበቅ ይችል ነበር። መንገደኛ ነገ ተሳፋሪ ነው።

ዴንማርካዊው ኤከርስበርግም ሮም የከረመ ሠዓሊ ነው። ሆኖም በኮሎሲየም ሦስተኛ ፎቅ ሦስት ቅስቶች ውስጥ ያሳየን ከተማ አንድ ቦታ ላይ ለቆመ ሰው እንደዚያ አይታይም። ሥዕሉ የዘይት ቢሆንም የተራመደ ዓይን ሥራ ነው።

ጸሐፊው ራሱ መጀመሪያ ሮም ሲሄድ የቀለም ሣጥን ተሸክሞ ነበር። ዝናብ መጣና አንድ ያላለቀ ሥዕል ይዞ ገባ። በማግስቱ በኪስ ደብተር ብቻ ወጣ። አገር ቤት ሲመለስ፣ ከአገር ወጥተው የማያውቁት አባቱ ደብተሩን ተቀብለው፣ «ከዚህ ቅስት ጀርባስ ምን አለ?» አሉት። ገጹን ገለጠላቸው፤ ነበረ። «ከዚያስ?» እያሉ እስከ መጨረሻው ገጽ አብረው ሄዱ። ከዚያ ቀን ወዲህ ለጉዞ ቀለም ይዞ አያውቅም።

ተማሪዋም ሮምን የምታይበት ቀን ሲደርስ ሣጥኑን ቤት ትተወው፤ ሁለት እርሳስ ቀርጻ ትውጣ።