የሮማን ቄሣሮችና የራሳችንን ቤተ መንግሥት ታሪክ ስለ ማንበብ

አውግስጦስ፣ ጢባርዮስና ቀላውዴዎስ ለአገራችን አንባቢ እንግዶች አይደሉም። ሁለቱን ከሉቃስ ወንጌል፣ ሦስተኛውን ከሐዋርያት ሥራ ያውቃቸዋል። ቅዱስ መጽሐፍ ግን ዘመን ለመቁጠር ያህል ስማቸውን ጠርቶ ያልፋል፤ በእልፍኛቸው ስለ ነበረው መጠራጠርና መገዳደል በሰፊው የሚተርክልን ታሲተስ የተባለው ሮማዊ የታሪክ ጸሐፊ ነው። ይህን ጸሐፊ ያነበበ ተማሪ ብዙውን ጊዜ ይዞ የሚቀረው የጭካኔውን ዝርዝር ብቻ ነው፤ ቀላውዴዎስ በእንጉዳይ ተመረዘ፣ ኔሮን እናቱን አስገደለ ይልና መጽሐፉን ይዘጋል። እንዲህ ያለው አነባበብ የጅብ ተረት ከመስማት የሚለየው በምን እንደ ሆነ አይገባኝም።

ታሲተስን መቱ ላይ ሆኖ የሚያነብ ሰው ግን ሌላ ነገር ሊታየው ይገባል። ከመቱ ብዙ ሳትርቅ በከፍታ ላይ የተቀመጠችው ጎሬ የራስ ተሰማ ናደው መቀመጫ ነበረች። ዓፄ ምኒልክ በ1901 ዓ.ም. የልጃቸውን ልጅ ልጅ ኢያሱን አልጋ ወራሽ ሲያደርጉ ሞግዚት አድርገው የመረጡት እኚህን የኢሉባቦር ገዥ ነበር። ስለዚህ የጎሬው ጌታ በአንድ ጊዜ የአንድ ሕፃን ጠባቂና የአንድ ሰፊ መንግሥት እንደራሴ ሆኑ። በሮማም ሆነ በእኛ ወራሹን አስቀድሞ ለይቶ የሚያስታውቅ የጸና ሕግ አልነበረም፤ በእኛ ዘንድ የተጻፈው በ1923ቱ ሕገ መንግሥት ነው። ሕግ በሌለበት ቦታ ጋብቻ፣ ልደትና ሕመም የመንግሥት ጉዳይ ይሆናሉ።

ሞትም ይሸሸጋል። ቀላውዴዎስ እ.ኤ.አ. በ54 በሞተ ጊዜ ሚስቱ አግሪጲና ልጇ ኔሮን በወታደሮቹ ፊት እስኪቀርብ ድረስ ነገሩን ደበቀች። ዓፄ ምኒልክም ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. ሲያርፉ ዐዋጅ አልተነገረም፤ ሕዝቡም እንደ ወጉ አላለቀሰም።

የጋብቻው ነገር ከዚህ ይልቅ ልብ ይነካል። አውግስጦስ ጢባርዮስን የሚወዳትን ሚስቱን ቪፕሳንያን አስፈትቶ ልጁን ዩልያን አጋባው። ስዊቶንዮስ እንደሚተርከው ጢባርዮስ አንድ ቀን የቀድሞ ሚስቱን በመንገድ ቢያያት ዓይኑ እንባ ሞልቶ ተከተላት፤ ከዚያ ወዲያ ዳግመኛ በፊቱ እንዳትታይ ተደረገ። በኋላ ስሙ በክፋት የተነሣው ንጉሥ ይህ ነው። ንግሥት ዘውዲቱም በ1909 ዓ.ም. ሲነግሡ ባላቸው ራስ ጉግሣ ወሌ የእቴጌ ጣይቱ የወንድም ልጅ በመሆናቸው መኳንንቱ ስለ ፈሩ እንዲለያዩ ተደረገ። ራስ ጉግሣ መጋቢት 22 ቀን 1922 ዓ.ም. በአንቺም ጦርነት ወደቁ፤ ንግሥቲቱ መጋቢት 24 ቀን ዐረፉ። ባለ ቅኔ ቢፈልግ ከዚህ የበለጠ ነገር ከየት ያገኛል?

እዚህ ላይ ግን ልዩነቱንም መሸሸግ አይገባም። እቴጌ ጣይቱ ከሥልጣን ወርደው እንጦጦ ላይ ኖሩ እንጂ እንደ አግሪጲና አልታረዱም። ልጅ ኢያሱም ከተያዙ በኋላ ብዙ ዘመን በእስር ቆዩ። በሰገሌ ሜዳ ጥቅምት 17 ቀን 1909 ዓ.ም. የፈሰሰው የወታደር ደም ግን ለዚህ ሁሉ ትዕግሥት የተከፈለ ዋጋ መሆኑን የሚዘነጋ ጸሐፊ አያጣም።

ወደ ጸሐፊዎቹ ልመለስ። ታሲተስ በመጽሐፉ መግቢያ ላይ ስለ ቀደሙት ቄሣሮች የተጻፈው ታሪክ በሕይወት ሳሉ በፍርሃት፣ ከሞቱ በኋላ በጥላቻ እንደ ተበላሸ ይናገራል። ለልጅ ኢያሱ ታሪክ ከዚህ የተሻለ ሚዛን አላገኘሁም። ስለ እርሳቸው የምናነበው አብዛኛው ነገር ከሻሯቸው ወገን በኩል የመጣ ነው፤ የደጃዝማች ከበደ ተሰማ «የታሪክ ማስታወሻ» እንኳ የታተመው በ1962 ዓ.ም. ዓፄ ኃይለ ሥላሴ በዙፋን ላይ ሳሉ ነው። ብላታ መርስዔ ኀዘን ወልደ ቂርቆስ የዘመን ትዝታቸውን «ካየሁትና ከሰማሁት» ማለታቸውን ግን እጅግ አደንቃለሁ። በዚህች አንዲት «ና» ውስጥ የታሪክ ጸሐፊ ሐቀኝነት አለ፤ ታሲተስ ራሱ ወሬን ከሰነድ ጋር ሲያዋህድ እንዲህ ያለ አጥር አብዝቶ አያጥርም።

ይህን አጥር በራስ ተሰማ ሞት ላይ እንሞክረው፤ የመቱና የጎሬ፣ የበደሌም መምህራን በክፍላቸው ሊሠሩበት ይችላሉ። የታየው ይህ ነው፦ ራስ ተሰማ በሚያዝያ 1903 ዓ.ም. ዐረፉ፤ በእርሳቸው ቦታ ሌላ ሞግዚት አልተሾመም፤ ገና ወደ አሥራ ስድስት ዓመት የተጠጉት ልጅ ኢያሱ ሥልጣኑን በእጃቸው አደረጉ። ሞቱ ለወጣቱ የተመቸ ስለ ሆነ የሚጠረጥር ሰው ሞልቷል። እ.ኤ.አ. በ19 ዓ.ም. ጀርማኒኩስ በአንጾኪያ ሲሞትም ሰው ሁሉ ፒሶን መርዘኛ አለው፤ በሮማ ሸንጎ ፊት ግን ብዙ ክስ ሲቀርብበት ሊረጋገጥ ያልቻለው የመርዙ ክስ ነበረ። ይህንም ሳይደብቅ የጻፈልን ያው ታሲተስ ነው።