ባለ ሁለት መግቢያዋ ሳጥንና የማሲንቆው ድምፅ

የአዲስ አበባን የሙዚቃ ቀረጻ ታሪክ ከሥፍራው ጋር አያይዞ ለመመልከት የሚሻ ሰው ከራስ መኮንን ድልድይ ብዙ መራቅ አያስፈልገውም። ከድልድዩ ወደ ፒያሳ ሲዘለቅ በ1927 ዓ.ም. የተመሠረተው የሀገር ፍቅር ማኅበር ቴአትር ይገኛል። እ.ኤ.አ. በ1948 በወጣ የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ድንጋጌ መሠረት ሸክላ የማሳተምና ከውጭ አገር የማስመጣት መብት ለዚሁ ማኅበር ብቻ ተሰጥቶ ነበር። ይህን ብቸኛ መብት ጥሰው የወጡት አምሃ እሸቴ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1969 የዓለማየሁ እሸቴን ዘፈን አስቀርጸው ሸክላውን ሕንድ አገር አሳተሙ። እስከ 1975 ድረስም 103 ትንንሽና 12 ትልልቅ ሸክላዎችን አወጡ። በዚያ ዘመን ለመቅረጽ የፈለገ ሰው ሕግ መድፈር፣ ቴፕ ተሸክሞ ባሕር መሻገር፣ የታተመውንም ሸክላ ከጉምሩክ ማስለቀቅ ነበረበት።

ዛሬ ይህ ሁሉ ድካም ቀርቷል። በአራዳ በአንዲት ጓዳ ውስጥ ኮምፒዩተር፣ ማይክሮፎን፣ የጆሮ ማዳመጫ፣ እንዲሁም በተለምዶ «ሳውንድ ካርድ» እየተባለ የሚጠራው፣ በሙያው አጠራር ግን ኦዲዮ ኢንተርፌስ የተሰኘው ሳጥን ከተገኘ ዘፈን ተቀርጾ ማታውኑ ለሕዝብ ጆሮ ሊደርስ ይችላል። የሳጥኑ ተግባር ከማይክሮፎን የሚመጣውን ደካማ የኤሌክትሪክ ሞገድ አጉልቶ ወደ ቁጥር መለወጥና ከኮምፒዩተሩ የሚመለሰውን ቁጥር ደግሞ ዳግም ድምፅ አድርጎ ማሰማት ነው። ሥራው ይህን ያህል ቀላል ስለሚመስልም ብዙዎች የሚመርጡት በዋጋውና በመልኩ ነው። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ግን በሳጥኑ ላይ ያሉት መግቢያዎች ቁጥር የሚቀረጸውን ሙዚቃ ጠባይ እስከመወሰን ይደርሳል የሚል እምነት አለው። በየቤቱ ተቀርጸው የሚወጡትን የባህል ዘፈኖች በጥሞና ያዳመጠም ይህን ሳይታዘብ አይቀርም።

ለጀማሪ የሚሰጠው ምክር በመላው ዓለም አንድ ነው፤ ሁለት መግቢያ ይበቃሃል ይሉታል። ፎከስራይት የተባለው የእንግሊዝ ኩባንያ እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ የሚያወጣት ቀይ ሳጥን፣ የስካርሌት ባለ ሁለት መግቢያና ባለ ሁለት መውጫዋ፣ ለዚህ ምክር ጥሩ ምሳሌ ናት። ዕቃነቷን መንቀፍ አይቻልም። ይሁን እንጂ ምክሩ የተወለደው ጊታሩን ይዞ መኝታ ቤቱ ውስጥ ብቻውን ከሚዘፍን ሰው ነው። አንዱ መግቢያ ለጉሮሮው፣ ሌላው ለጊታሩ። ይህንኑ ምክር ማሲንቆ፣ ክራር፣ ዋሽንት፣ ከበሮና ተቀባይ ላለው የሙዚቃ ቡድን አምጥተን ስንሰጠው ምን ይደርሳል? የሚደርሰውን ሁላችንም በጆሯችን እናውቀዋለን። በመጀመሪያ የኮምፒዩተሩ ከበሮ በቋሚ ምት ይዘረጋል። በላዩ የኪቦርድ ቅንብር ይነጠፋል። ቀጥሎ ድምፃዊው ጆሮውን ደፍኖ ለብቻው ይዘፍናል። ተቀባዮቹም በሌላ ቀን ተጠርተው ይመጣሉ። በመጨረሻ፣ ምናልባትም ከሳምንት በኋላ፣ ማሲንቆ ተጫዋቹ ተጠርቶ በክፍት ቦታዎች ላይ «ጣል ጣል» እንዲያደርግ ይታዘዛል።

አዝማሪ ሲዘፍን ያየ ሰው እዚህ ላይ ምን እንደሚጠፋ ለመረዳት አይቸገርም። ማሲንቆ አንዲት የፈረስ ጭራ ክር ብቻ ያላት መሣሪያ ናት፤ ሥራዋም ከዘፋኙ ጋር አብሮ መተንፈስ ነው። ዘፋኙ ስንኙን ሲያንጠለጥል ማሲንቆው ይጠብቀዋል፤ ሲጥለው ይቀበለዋል፤ አንዳንዴም ቀድሞ ይጠራዋል። ምቱ ይሳባል፤ ይሰበሰባል። በተለይ ትዝታ በዝግታ ሲዜም የምት ርዝመት ከስሜቱ ጋር ይሰፋል፣ ይጠባል። ይህ ልውውጥ በአንድ ክፍል፣ በአንድ ሰዓት፣ ፊት ለፊት በተቀመጡ ሰዎች መካከል የሚፈጠር ነገር ስለሆነ፣ ዘፈኑ አስቀድሞ በቋሚ ምት ከታሰረ በኋላ የተጠራ ባለ ማሲንቆ የቱንም ያህል የተካነ ቢሆን ሊፈጥረው አይችልም። የሚጠብቀው ትንፋሽ የለምና!

ከዚህ አኳያ የቀድሞዎቹን ሥራዎች ማስታወስ ተገቢ ነው። አይቤክስ ባንድ እ.ኤ.አ. በ1976 በራስ ሆቴል የዳንስ አዳራሽ ሲቀርጽ ሙዚቀኞቹ አብረው ነበሩ። ዋልያስ ባንድ ከኃይሉ መርጊያ ጋር በ1977 ያወጣው «ቼ በለው» የተሰኘው ሸክላም ሲሰማ በየማታው አንድ መድረክ ላይ የኖሩ ሰዎች መደማመጥ በግልጽ ይታወቃል። የመሣሪያው ድህነት ሳያግዳቸው እንዲህ መሥራት የቻሉት ቀረጻው እነርሱን ሳይነጣጥል ስለተቀበላቸው ነው።

ይህ ሲባል ግን እየደራረቡ መቅረጽን በጅምላ መኮነን አይደለም። ኃይሉ መርጊያ ራሳቸው ወደ አሜሪካ ተሻግረው በዋሺንግተን ከቀሩ በኋላ፣ በ1985 አኮርዲዮናቸውን ከኤሌክትሪክ ፒያኖ፣ ከሲንተሳይዘርና ከድራም ማሽን ጋር ብቻቸውን ደራርበው አንድ ካሴት አውጥተዋል። ካሴቱ በ2013 እንደገና ታትሞ በዓለም ዙሪያ አድማጭ አግኝቷል። እዚህ ላይ ድርብርቡ አልጎዳም፤ የሚመልሰውም የሚጠይቀውም አንድ ሰው ነውና። የበገና ደርዳሪም ጉዳይ እንዲሁ ነው። ዜማውና አሥሩ አውታር የአንድ ሰው ናቸው። ለእርሱ ባለ ሁለት መግቢያዋ ሳጥን ልክ የተሰፋች ልብስ ናት፤ አንድ ማይክሮፎን ለአፉ፣ አንድ ለበገናው። ለእርሱ ተጨማሪ መግቢያ መግዛት ገንዘብ መበተን ነው።

ወደ ሳጥኑ ውስጣዊ ጠባይ ስንመለስ፣ ሻጩ በትልቁ የሚያሳየው ቁጥር ከሁሉ ያነሰ ጥቅም ያለው ሆኖ እናገኘዋለን። በሰከንድ 192 ሺህ ጊዜ ናሙና ይወስዳል መባሉ ገዢን ያስደንቃል፤ የሰው ጆሮ ግን ቢበዛ እስከ 20 ሺህ ኸርዝ ድረስ ነው የሚሰማው፤ ይህን ለመያዝም 48 ሺህ ናሙና በ24 ቢት ከበቂ በላይ ነው። ይልቅስ መጠየቅ ያለበት የማጉያው ጥራት ነው። የበገና ድምፅ ዝቅ ያለ ነው፤ እንዚራው የሚሰጠው ንዝረትም ከጠፋ በኋላ ረጅም ጭራ አለው። ማጉያው «እሽሽ» የሚል ከሆነ ያንን ጭራ ይውጠዋል። ኮንደንሰር ማይክሮፎን ለሚጠቀም ሰው ደግሞ ሳጥኑ 48 ቮልት የሚልክ መሆን አለበት። ይህን ዛሬ አብዛኞቹ ያሟላሉ።

ስለ መዘግየትም አንድ ነገር ማለት ያሻል። ድምፅ ወደ ኮምፒዩተሩ ገብቶ፣ ተሠልቶ፣ ወደ ጆሮ እስኪመለስ ጊዜ ይወስዳል። በ48 ሺህ ናሙና 256 ናሙና እየተጠራቀመ ሲላክ ለመሄድ ብቻ 5 ሺኛ ሰከንድ ያህል ይፈጃል። ይህም ባለ ማሲንቆው ሁለት ሜትር ገደማ ራቅ ብሎ የተቀመጠ ያህል ነው፤ ማንንም አያውክም። የኮምፒዩተሩ አቅም ደክሞ መጠኑ ወደ 1024 ከፍ ሲል ግን ደርሶ መልሱ ከ40 ሺኛ ሰከንድ ያልፋል። ያኔ ተጫዋቹ የገዛ ድምፁን ከ14 ሜትር ርቀት እንደሚሰማ ይሆናል፤ እጁም ይሰናከላል። ስለዚህ ድምፁን ኮምፒዩተሩ ዘንድ ሳያደርስ በቀጥታ ወደ ማዳመጫው የሚመልስ ሳጥን መምረጥ ግዴታ ነው።

ከሳጥኑ ይልቅ ክፍሉ እንደሚበልጥ የሚዘነጉም አሉ። በድልድዩ አካባቢ የነበሩት የአራዳ አሮጌ የጭቃ ቤቶች፣ የአቡጀዲ ኮርኒሳቸው ጭምር፣ ድምፅን የሚያስተጋቡ አልነበሩም፤ ለማሲንቆና ለክራር የሚስማሙ ነበሩ። በ2016 ዓ.ም. ከፒያሳ ብዙ አሮጌ መንደር ሲፈርስ ይህ ዓይነት ክፍልም አብሮ ሄዷል። በአዲስ የብሎኬት ክፍል የሚቀርጽ ሰው ግድግዳውን በጋቢና በምንጣፍ ካላለበሰ የሳጥኑ ውድነት አይረዳውም። የቆርቆሮ ጣሪያ ያለው ቤት በክረምት ከሰዓት በኋላ ለቀረጻ አይታሰብም። የመኪናው፣ ከጊዮርጊስ የሚሰማው ቅዳሴና ከኑር መስጊድ የሚሰማው አዛን የየራሳቸው ሰዓት አላቸው፤ አራዳ የሚቀርጽ ሰው ሰዓታቸውን ማጥናት አለበት።

ታዲያ ለቡድን ምን ይሻላል? ስምንት መግቢያ ያለው ሳጥን ሁሉንም በአንድ ጊዜ ይቀበላል፤ ነገር ግን በዋጋ ይከብዳል፤ ኃይሉንም አብዛኛውን ጊዜ ከግድግዳ መሰኪያ ስለሚወስድ መብራት በጠፋ ቁጥር ቀረጻው ይቋረጣል። ትንሿ ሳጥን በዩኤስቢ ሽቦ ከኮምፒዩተሩ ባትሪ እየጠጣች ትቀጥላለች። በእኛ ከተማ ይህ ቀላል ጥቅም አይደለም። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ምርጫ ለጓዳ ቀረጻ አራት መግቢያ ያለው ነው፤ ዘፋኙን፣ ማሲንቆውን፣ ክራሩንና ከበሮውን አንድ ላይ ይይዛል፤ ተቀባዮቹ በዘፋኙ ማይክሮፎን ዙሪያ ቢቆሙም ጉዳት የለውም፤ የቀድሞዎቹም ብዙውን ጊዜ ያደረጉት ይህንኑ ነው። ባለ ስምንቱ ደግሞ የጋራ ንብረት ሊሆን የሚገባው ነው። አምስት ስድስት ሙዚቀኞች አዋጥተው ቢገዙት፣ ከዚያም ቀን ቀን ባዶ ከሚውሉት የቴአትር አዳራሾች በአንዱ ለግማሽ ቀን ቢጠቀሙ፣ ራስ ሆቴል በተደረገው መንገድ መቅረጽ ይቻላል። አንድ ጊዜ የሸክላ ቀረጻን በብቸኝነት ይዞ የነበረው የሀገር ፍቅር አዳራሽ ለዚህ ቢከፈት ከድልድዩ ማዶና ማዶ ያሉ ወጣቶች ሩቅ አይሄዱም ነበር።

ለመግዛት የሚሄድ ሰው ባለ ማሲንቆውን ይዞ ቢሄድ ይመረጣል። ሻጩ ሳጥኑን ከኮምፒዩተር ጋር እንዲያገናኝ ይጠይቅ፤ ማይክሮፎኑ ተሰክቶ፣ ማንም ሳይናገርና ሳይጫወት፣ ማጉያው እስከ መጨረሻው ይከፈት፤ ገዢውም ማዳመጫውን ጆሮው ላይ አድርጎ ለአንድ ደቂቃ ያህል ዝምታውን ያዳምጥ። ከዚያ በኋላ ማሲንቆው ይመታ።