«ድፍረት»፦ የተቀየረ ስም ያልሸሸገው ታሪክ

«ድፍረት» የሚለው ቃል ሁለት ትርጉም አለው። በአንድ በኩል ጀግንነትን፣ በሌላ በኩል የሴት ልጅን ክብር በኃይል መግሰስን ያመለክታል። የዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪ ፊልም በርእሱ ሁለቱንም ተሸክሟል።

ታሪኩ እ.ኤ.አ. በ1996 በኢትዮጵያ ከደረሰ እውነተኛ የጠለፋ ወንጀል የተቀዳ ነው። የ14 ዓመቷ ሂሩት ከትምህርት ቤት ስትመለስ ትጠለፋለች፤ ጠላፊዋን በጠመንጃ ገድላ በነፍስ ግድያ ትከሰሳለች፤ ጠበቃዋ መዓዛ አሸናፊ ከሞት ቅጣት ልታድናት ትሟገታለች። ትዝታ ሀገሬና ሜሮን ጌትነት ሁለቱን ሴቶች ያለ ጩኸት ተጫውተዋቸዋል። የአገር ሽማግሌዎች ተሰብስበው ስለ ልጅቷ ሲመክሩ፣ ባህልና ሕግ የሚጋጩበትን ቦታ ፊልሙ በትዕግሥት ያሳያል። እ.ኤ.አ. በ2014 በሰንዳንስና በበርሊን የተመልካች ሽልማት ያገኘው ያለ ምክንያት አልነበረም።

በዚያው ዓመት ግን በአዲስ አበባ ሊመረቅ ሲል በፍርድ ቤት ትእዛዝ ታገደ። ታሪኳ የተነገረባት ሴት ፈቃዴ አልተጠየቀም ብላ አቤት ብላ ነበር። እገዳው ቆይቶ ቢነሣም ጥያቄው አብሮ አልተነሣም።

እዚህ ላይ አንድ ልዩነት ልብ ሊባል ይገባል። ጠበቃዋ በፊልሙ ውስጥ በገዛ ስማቸው ቆመዋል፤ ልጅቷ ግን በተውሶ ስም ቀርባለች። ስም መቀየር ገመናን የሚሸፍን ይመስላል። ይሁንና ፊልሙ «እውነተኛ ታሪክ» ተብሎ በዓለም ሲዞር፣ ዜናው እውነተኛውን ስም፣ ዘመኑንና ድርጊቱን ጎን ለጎን አስቀመጠ። ዛሬ የፊልሙን ርእስ በኢንተርኔት የሚፈልግ ሰው በጥቂት ደቂቃ ከሂሩት ወደ እውነተኛዋ ሴት ይደርሳል። በሸራው ላይ የተጋረደው ከሸራው ውጭ ተገለጠ።

ችሎቱ የአደባባይ ጉዳይ ነበር፣ መነገሩም ለሌሎች ልጃገረዶች ጠቅሟል የሚል መከራከሪያ ሊቀርብ ይችላል፤ ክብደትም አለው። ነገር ግን የአደባባይ የሆነው ፍርዱ ነው። የዚያች ሌሊት ፍርሃት የባለቤቱ ነው። የሴትን ፈቃድ መንጠቅ ወንጀል መሆኑን የሚያስተምር ሥራ፣ ስለ ፈቃድ ሲጠየቅ ከማንም ይልቅ ንጹሕ መልስ ይጠበቅበታል።

ኢትዮጵያ በ2016 ዓ.ም. ባወጣችው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ የባለቤቱ ፈቃድ ትልቅ ስፍራ ተሰጥቶታል። ሆኖም ጥያቄው ለፊልም ሠሪዎችና ለዳኞች ብቻ የተተወ አይደለም። የዘመድን ሕመም፣ የጎረቤትን ለቅሶ፣ የሌላውን ልጅ ፎቶግራፍ በፌስቡክ የሚለጥፍ ሁሉ የሰው ታሪክ ተራኪ ሆኗል፤ አብዛኛውም በቅን ልብ ነው። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነውና፣ ፈቃድ መጠየቂያው ጊዜ ከመለጠፍ በፊት ያለችው አጭር ቅጽበት ብቻ ናት።