ሰልባትዮውና ወንጌሉ፦ ስለ «አምስቱ የፍቅር ቋንቋዎች» የቀረበ ሂስ

ከዶርም ወደ ዶርም እየተዘዋወረ ሽፋኑ የተገነጠለ መጽሐፍ አለ። ያላነበበው እንኳ ስሙን ያውቀዋል፤ አንዳንዱማ ገና ትውውቅ ሳይጠና «ያንቺ ቋንቋ የትኛው ነው?» ብሎ ይጠይቃል። የጋሪ ቻፕማን «አምስቱ የፍቅር ቋንቋዎች» ነው። በ1992 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ታትሞ ከ20 ሚሊዮን ቅጂ በላይ የተሸጠ መጽሐፍ ስለሆነ የኛ ምስጋናም ሆነ ወቀሳ አይጨምርለትም አይቀንስበትም። ግን እዚሁ ግቢያችን ውስጥ ሰው እየተመከረበት ስለሆነ ዝም ብለን ልናልፈው አልወደድንም።

ቻፕማን በሰሜን ካሮላይና፣ በዊንስተን ሴለም ከተማ፣ በአንድ የባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን ለብዙ ዓመታት ያገለገለ ፓስተር ነው። ከሥነ መለኮቱ በፊት አንትሮፖሎጂ ተምሯል። ሐሳቡ አጭር ነው። ሰው መወደዱን የሚያውቀው በምስጋና ቃል፣ አብሮ በሚያሳልፉት ጊዜ፣ በስጦታ፣ በሥራ በመታገዝ ወይም በመዳሰስ ነው፤ ከነዚህ አንዱ ዋነኛ ቋንቋው ይሆናል፤ በሌላ ቋንቋ ብታነጋግረው አይገባውም። በያንዳንዱ ሰው ውስጥም መካኒኮቻችን ሰልባትዮ የሚሉት ዓይነት የነዳጅ ዕቃ አለ፤ በፍቅር ሲሞላ ትዳሩ ይሄዳል፣ ሲደርቅ ይቆማል። ይህን ምሳሌ የወሰደው ከሥነ አእምሮ ሐኪሙ ከሮስ ካምቤል ነው።

መልካሙን እናስቀድም። ቻፕማን የሳይኮሎጂ ምሁሯን የዶሮቲ ቴኖቭን ጥናት ይዞ፣ ያ እንቅልፍ የሚነሳው የመጀመሪያው ፍቅር በአማካይ ሁለት ዓመት ያህል ቆይቶ ይበርዳል ይለናል። ከዚያ ወዲያ ያለው ፍቅር በፈቃድ የሚሠራ ሥራ ነው። እዚህ ላይ እምነቱና ሳይንሱ በእውነት ተጋግዘዋል። ስሜትን ማዘዝ አይቻልምና «ውደድ» የሚለው ትእዛዝ ትርጉም የሚኖረው መውደድ ድርጊት ሲሆን ብቻ ነው። ሳይኮሎጂው ደግሞ በበኩሉ፣ የምታደርግለት አንተ ደስ የሚልህን ሳይሆን እሱ የሚያስፈልገውን ይሁን ብሎ ያርመዋል። ቀኑን ሙሉ ለቤተሰቡ ሲለፋ ውሎ ማታ አንዲት ቃል ሳይተነፍስ የሚተኛ አባት፣ «አባባ አይወደንም» ብለው የሚያድጉ ልጆች፤ ከመካከላችን ይህን ቤት የማያውቅ ማን ነው? ለዚህ ቤት መጽሐፉ ይጠቅማል።

ወደ አጻጻፉ ስንመጣ የተአምር መጽሐፍ ቅርጽ አለው። የተጨነቀ ሰው ይመጣል፣ ጭንቀቱን ይናገራል፣ መካሪው አንድ ነገር ያዘዋል፣ ይፈጽማል፣ ቤቱ ይድናል፣ ተመልሶ ያመሰግናል። ሞክሮ ያልተሳካለትን ሰው እምብዛም አናገኝም። በቅርጹ ነውር የለበትም፤ ተአምር ግን ተአምር ነኝ ብሎ ይነገራል፤ ይህኛው የሙከራ ልብስ ለብሶ ነው የሚመጣው።

ያስቆመን አን የተባለችው ሴት ያለችበት ምዕራፍ ነው። ባሏ ለዓመታት ያቆሰላት ሴት ናት። የሚጠሉትን ሰው መውደድ ይቻላል ወይ ብላ ትጠይቃለች። ከመጽሐፉ ሁሉ እውነተኛው ጥያቄ ይኸው ነው ብንል አልተሳሳትንም። ቻፕማን ታዲያ ሉቃስ ምዕራፍ 6ን፣ ጠላትን ስለ መውደድ የሚናገረውን ክፍል ይከፍትላትና የስድስት ወር ሙከራ ያወጣላታል። ማማረሩን ታቆማለች፣ በጎ ጎኑን ታመሰግናለች፣ የባልየው ቋንቋ መዳሰስ ነው ስለተባለም የአልጋውን ነገር ራሷ ትጀምራለች። እሷ ግን በዚያ አልጋ ላይ የተወደደች ሳይሆን መገልገያ የሆነች ያህል እንደሚሰማት ተናግራለች! መልሱ በእምነትሽ ተደገፊ የሚል ነው። ምዕራፉ በሰላም ያልቃል፤ ባልየውም ለወዳጆቹ ቻፕማን ተአምር ሠሪ ነው እያለ ያወራል።

እንዴ! እንግዲህ ልብ በሉ፤ ባል በጠላት ወንበር ላይ ተቀምጧል፣ ሚስት ደግሞ የስድስት ወር የቤት ሥራ ተሸክማለች። ሳይኮሎጂ አስቀድሞ ሊጠይቀው የሚገባው ጥያቄ (ይመታሻል ወይ? ትፈሪዋለሽ ወይ?) ከሙከራው በፊት ሲጠየቅ አናይም፤ በቦታው ጥቅስ ገብቷል። ጥቅሱስ ቢሆን እንደሚገባው ተነቧል? እዚያው ሉቃስ 6 ቁጥር 35 ላይ መልካም የሚያደርግ ሰው ምላሽ ሳይጠብቅ እንዲያደርግ ተነግሯል። የአን ሙከራ ግን የቆመው ምላሽ በመጠበቅ ላይ ነው፤ ሰልባትዮውን ሙዪለት፣ እሱም በተራው ይሞላልሻል። ስለዚህ ወንጌሉ ወንጌል መሆኑ ቀርቶ የውል ወረቀት ሆነ፣ ሳይኮሎጂውም ምርመራ መሆኑ ቀርቶ ስብከት ሆነ። ሁለቱ ሲቀላቀሉ አንዱ የሌላውን ጉድለት ሸፈነለት እንጂ አላረመውም።

ይህን ያህል የተናደድንበት ምክንያት ምክሩ ለኛ አገር ሴት አዲስ ስላልሆነ ነው። «ቻይው፣ ትዳር ነው» የሚለውን ከእናቷም ከጎረቤቷም ስትሰማ ኖራለች። በ2016 እ.ኤ.አ. በተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉትና ትዳር ይዘው ከሚያውቁት ሴቶች 34 ከመቶው ከባላቸው አካላዊ፣ ወሲባዊ ወይም ስሜታዊ ጥቃት ደርሶባቸዋል። አሮጌው «ቻይው» የሳይንስ ካፖርት ደርቦ በእንግሊዝኛ ሲመጣ የሚከራከረው ያጣል። ሽማግሌዎቻችንን ስንተች እንውላለን፤ እነሱ እንኳ ለዕርቅ ሲቀመጡ ባልንም ሚስትንም ጠርተው ነው የሚያደምጡት።

ሳይንሱንም ቢሆን ተመራማሪዎች መርምረውታል። ኤሚሊ ኢምፔት፣ ጌዲዮን ፓርክና ኤሚ ሚዩዝ በ2024 እ.ኤ.አ. ባወጡት ግምገማ ሰው አንድ ዋና ቋንቋ ብቻ አለው የሚለውም፣ ቋንቋቸው የገጠመ ጥንዶች ይበልጥ ይደሰታሉ የሚለውም በቂ ማስረጃ አልተገኘለትም። ፍቅርን ከቋንቋ ይልቅ ከተመጣጠነ ምግብ ጋር ማመሳሰል ይሻላል ይላሉ። እንጀራ ወዳጅ ነው ተብሎ ውኃ የተከለከለ ሰው አለ እንዴ?

አንድ ጓዳችን «የአን ቤት ተርፎ የለም ወይ፣ ምን አነጫነጫችሁ?» ብሎናል። ተርፎ ይሆናል። እኛ የምንከራከረው ስለ አን ሳይሆን ምዕራፉን ይዛ ወደ ቤቷ ስለምትገባው አንባቢ ነው።

እምነትና ሳይኮሎጂን ማጣመር አይቻልም እንዳልን አይቆጠርብን። በዚያው በ1992 እ.ኤ.አ. ሄንሪ ክላውድና ጆን ታውንሴንድ የተባሉ ሁለት ክርስቲያን የሥነ ልቡና ሐኪሞች «ድንበሮች» የሚል ትርጉም ያለው መጽሐፍ አውጥተዋል። ገላትያ ምዕራፍ 6 ላይ ቁጥር 2 ስለ ሌላው ሸክም፣ ቁጥር 5 ደግሞ ስለ ገዛ ራስ ሸክም ሲናገሩ በግሪኩ ሁለት የተለያዩ ቃላት መሆናቸውን ያሳዩና፣ ሰው ሊረዳ የሚገባው ጭነትና ራሱ ሊሸከመው የሚገባው ጭነት እንዲለይ ያደርጋሉ። እንግዲህ ማጣመር ማለት ይህ ነው፤ ሐኪሙ መጽሐፉን አጥብቆ ያነባል፣ መጽሐፉም ሐኪሙን ያስጠይቀዋል። አጻጻፋቸው ደረቅ ነው፤ እንደ ቻፕማን ወሬው አይጥምም፤ ከመቶ ገጽ በኋላ ያታክታል። ሆኖም አን ያንን ጥያቄዋን ይዛ እነሱ ዘንድ ብትሄድ ኖሮ፣ ገና ከመቀመጧ «እንቢ ስትዪው ምን ያደርጋል?» ብለው የሚጠይቋት ይመስለናል።