ከማን የተሸሸገች ከተማ?

ፍራንክ ካፕራ እ.ኤ.አ. በ1937 ለሲኒማ ያበቃውን «ሎስት ሆራይዘን» ሰሞኑን ደግሜ አየሁት። መነሻው የጄምስ ሂልተን ልብ ወለድ ነው። ከቻይና ብጥብጥ በአውሮፕላን የሸሹ ጥቂት ሰዎች ሳያስቡት በበረዶ ተራሮች መካከል ወደተሸሸገችው ሻንግሪ-ላ ይወሰዳሉ። እዚያ ሰው ቶሎ አያረጅም። ከሸለቆው የወጣችው ማሪያ ግን መንገድ ላይ በድንገት አርጅታ ትሞታለች። ከታላቁ ላማ ረጅም ስብከት ይልቅ እኔን ያሳመነኝ ያ የተጨማደደ ፊት ነው።

ቅሬታዬ ሌላ ነው። ላማው ራሱ የቤልጅግ ቄስ ሆኖ ይገኛል። የቻንግን ሚና እንኳ የሚጫወተው እንግሊዛዊው ኤች. ቢ. ዋርነር ነው። አገሬው ሸክም ከመሸከምና እንግዳ ከማስተናገድ ያለፈ ድርሻ እምብዛም የለውም። ታዲያ ከተማይቱ የተሸሸገችው ከማን ነው? ለቲቤቱ ገበሬ እኮ ደጁ ናት!

ፊልሙም በየጊዜው ተቆራርጧል። ኋላ የጠገኑት ባለሙያዎች የ132 ደቂቃውን ድምፅ በሙሉ ቢያገኙም፣ ምስል በጎደለባቸው ጥቂት ደቂቃዎች ፎቶግራፍ ተክተዋል። ሰዎቹ ያወራሉ፤ ከንፈራቸው ግን አይንቀሳቀስም። አብሮኝ ያየ ወዳጄ «እለፈው» ቢለኝም፣ እኔ አንዱንም ሳልዘልል አየሁት።